አሮጌ ካሜራና ፍላሽ፤ ፊልም ከማጉረስ በፊት

በፊልም የሚሠራ አሮጌ ካሜራ በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ከእኛም መካከል ለገና ወደ ኩልመስክና ወደ ላሊበላ ሲጓዝ ይህንኑ ካሜራ ከነፍላሹ አንግቶ የሚሄድ አይጠፋም። ዓላማውም መልካም ነው፤ ይኸውም መብራት በሌለው ቤት የተቀመጡትን አያቱን በፎቶግራፍ ለማስቀረት ነው። ነገር ግን ፊልም ጉድለቱን ወዲያው አይናገርም። አዲስ አበባ ደርሶ ሲታጠብ ሥዕሉ ግማሹ ጨልሞ ቢገኝ በዓሉ አልፏል፤ አያትም ለከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፍላሹና ካሜራው መመርመር የሚገባቸው ፊልም ከመግባቱ በፊት ነው እንላለን።

አንደኛ፤ የፍላሹ ቮልት ይለካ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት ፍላሾች ብዙዎቹ በመገናኛቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ያሳያሉ። ያለኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው የጥንት ካሜራ ይህን ይችለዋል፤ ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን ግን ሊያቃጥለው ይችላል። ፍላሹን ከካሜራው ለይቶ፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይ አግብቶ፣ የዝግጁነት መብራቱ ሲበራ መካከለኛውን ነጥብና የጎኑን ብረት እጅ ሳያስነኩ በቴስተር መለካት ነው። ፍላሹን ከፍቶ መነካካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ያህል ይዞ ይቆያል።

ሁለተኛ፤ ገመዱ በትክክለኛው ቀዳዳ ይሰካ። አንዳንዱ ካሜራ «ኤክስ» እና «ኤም» የሚባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ኤም አንድ ጊዜ በርቶ ለሚጣለው አምፖል የተሠራ ነው፤ አምፖሉ ደምቆ እስኪበራ ጊዜ ስለሚወስድ ሻተሩ ሳይከፈት አስቀድሞ ይለኩሰዋል። ኤሌክትሮኒክ ፍላሽ በዚሁ ቢሰካ ብርሃኑ ሻተሩ ሳይከፈት ያልቃል። የእርሱ ቦታ ኤክስ ነው።

ሦስተኛ፤ የሻተሩ ፍጥነት ይታወቅ። ለፔንታክስ ኬ1000 ከ1/60፣ ለኒኮን ኤፍኤም ከ1/125 ሴኮንድ ማለፍ አይገባም። ከዚያ ከፈጠነ ሁለቱ የሻተር መጋረጃዎች ፊልሙን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይገልጡትም። ፍተሻው ቀላል ነው። የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ፣ የሌንሱን ቀዳዳ አስፍቶ፣ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሮ ማንሳትና ከኋላ መመልከት ነው። ብርሃኑ አራት ማዕዘኑን ከሞላው ደኅና ነው። ፍጥነቱን 1/500 አድርጎ ቢደግሙት ከፊሉ ሲጨልም ይታያል።

የፍላሽ ብርሃን ሩቅ እንደማይሄድም እናስብ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ብቻ ይሆናል። መለኪያ ቁጥሩ 32 የሆነ ፍላሽ 100 አሳ ፊልም ይዞ ለ4 ሜትር ኤፍ 8 ይሰጣል፤ 32ን ለ4 ማካፈል ነው። እንግዲህ በቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» የሚሉትን ካህናት ከማዶ ሆኖ በፍላሽ ለማንሳት መሞከር ድንጋይ መጨረስ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ባሉት ጥንታውያን ሥዕሎች ላይ ደግሞ ፍላሽ ባይበራ ይሻላል፤ ካህናቱን አስፈቅዶ፣ ካሜራውን በሦስት እግር አቁሞ፣ ሻተሩን ረዘም አድርጎ መክፈት ይበቃል። ፍላሹ ለአያት ቤት ይቆይ።