በውጭ አገር የከተማ ሥራን ስለሚማሩ ተማሪዎችና ስለ ቦምቤ

ተማሪ ወደ ውጭ አገር በሚላክበት ጊዜ ምን ሊማር ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ለማን ሊማር ነው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዛሬ ወጣቶች ከሚሹት ትምህርት አንዱ ዘላቂ የከተማ ልማትና የመኖሪያ ቤት መብት የሚባለው ነው። መልካም ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው በልቡ ይዞት የሚሄደው ከተማ አዲስ አበባ ብቻ እንደ ሆነ፥ ከትምህርቱ የሚበልጠው ጥቅም ይቀራል።

ከወላይታ ሶዶ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለችውን ቦምቤን መመልከት ይበቃል። ቦምቤ የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ወረዳውም ቀድሞ የቦሎሶ ሶሬ ክፍል ነበረ። አገሩ የእንሰትና የዝንጅብል አገር ነው። ወላይታ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የኢትዮጵያ ገጠሮች አንዱ ስለ ሆነ፥ የብዙው ገበሬ ይዞታ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። የወላይታ ገበሬ ቤቱን የሚቈጥረው ከነጓሮው ነው። ከደጁ አጠገብ ያለውን፥ ፍግ እየተጣለበት የዳበረውን መሬት ዳርኳ ይለዋል፤ ራቅ ያለውን ስስ መሬት ደግሞ ሾቃ ይለዋል። እንሰቱ የሚቆመው በቤቱ ዙሪያ ነው፤ ለምግብ እስኪደርስም አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዳርኳ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ የአባትና የአያት ድካም ያለበት ነው።

እንግዲህ ከተማ በሚሰፋበት ጊዜ ቀያሹ ገመዱን የሚዘረጋው በዚህ መሬት ላይ ነው።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የኢኮኖሚ፥ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጽ በቂ መኖሪያ ለሰው ሁሉ እንደሚገባ ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ90ኛው አንቀጽ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለሕዝብ ሊዳረሱ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ቤትን ከትምህርት፥ ከጤናና ከንጹሕ ውሃ ጋራ ቈጥሮታል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ በ1991 በአውሮፓ አቈጣጠር በቂ ቤት ማለት ምን እንደ ሆነ በሰባት ነገር ተነተነው፤ ይኸውም ይዞታው የጸና፥ ውሃና የፍሳሽ መውረጃ ያለው፥ ዋጋው የሚቻል፥ ለመኖር የሚመች፥ ለደካማው ያልተዘጋ፥ ከሥራና ከትምህርት ቤት ያልራቀ፥ ለነዋሪውም ባህል የሚስማማ ማለት ነው። ከሰባቱ ለቦምቤ ይልቅ የሚነካት የመጨረሻው ነው፤ እንሰት የሌለው ቤት ለወላይታ ሽማግሌ ግማሽ ቤት ነውና።

ስለ ካሣም ቢሆን ነገሩ ተሻሽሏል። ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ፥ አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ ያስከፍል ነበር፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ካገኘው ገቢ ከፍተኛው ተይዞ በ15 እንዲባዛ አደረገ። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ የሚያውቁ ካህናት ግን ቀሪውን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም። አክዓብ የተሻለ ቦታ ወይም ገንዘብ ልስጥህ ባለው ጊዜ ናቡቴ እንቢ ያለው ዋጋው አንሶት አልነበረም። እርግጥ መንገድና ትምህርት ቤት ለሕዝብ የሚሠሩ ናቸውና ነገሩ ከአክዓብ ሥራ ጋራ አንድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ዳርኳን በገንዘብ ገዝቶ በሌላ ስፍራ ማግኘት አይቻልም።

ውጭ አገር የሚገኘው ጥበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባን በየጊዜው የነደፏት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ኢጣሊያኖች፥ በ1956 እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፥ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማርየን። በ1954 በስዊድን ርዳታ የሕንጻ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በሮተርዳምና በሌላም ከተማ ይህን ጥበብ ተማሩ። ተማሪው ባርሴሎናን ቢያይ፥ ኢልዴፎንስ ሴርዳ በ1859 ባወጣው ፕላን ቤት ሳይሠራ አስቀድሞ 20 ሜትር ስፋት ያላቸው መንገዶች በባዶ ሜዳ ላይ እንደ ተወሰኑ ይረዳል፤ ሕዝቡ ዛሬም የሚመላለሰው በእነዚያው መንገዶች ነው። በአገራችንም በ2013 በዚያው አቈጣጠር የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከመንግሥት ጋራ ሆነው በአዳማ፥ በባሕር ዳር፥ በሐዋሳና በመቀሌ ከቤቱ በፊት ዐቢዩን መንገድ የመወሰን ሥራ ጀምረዋል።

ትልቅ ከተማ መንገዱን ለማቅናት ቤት ማፍረስ ግድ ይሆንበታል፤ ትንሽ ከተማ ግን ችካልና ገመድ ይበቃታል። መንገዱ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ ገበሬው እንሰቱን የት እንደሚተክል ያውቃል፤ መሐንዲሱም ዳርኳውን ትቶ መስመሩን በሾቃው በኩል ሊያሳልፍ ይችላል። መስመሩ ሳይወሰን ቤቱ ከበዛ በኋላ ግን ይህን ማድረግ በብዙ ገንዘብና በብዙ እንባ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲወጣ ሕዝቡ እንዲመክርበት ያዛል። ወላይታ ለዚህ አዳራሽ መሥራት አያስፈልገውም፤ ዱቡሻ የተባለ የሸንጎ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ አለው። (ዱቡሻውም ራሱ ለሕንጻ እንዳይሸነሸን መጠበቅ ያሻዋል።)

ስለዚህ ለተማሪው የትምህርት ዕድል የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የመመረቂያ ጽሑፉን እንደ ቦምቤ ባለች ትንሽ ከተማ ላይ እንዲያደርግ ሊያስገድደው ይገባል። ከመሄዱም በፊት ከወረዳው ቀያሽ ጋራ አንድ በጋ ይሥራ፤ ዳርኳና ሾቃ በየት በየት እንዳለ በካርታ ያስፍር። የጻፈው መጽሐፍ በባዕድ አገር ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቢቀር ለማዘጋጃ ቤቱ ምን ይረባዋል? በአማርኛና በወላይትኛ ተጽፎ ለማዘጋጃ ቤቱ ይድረስ። ወላይታ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ስለ ሆነች፥ ጽሑፉን ተቀብሎ በቦታው ላይ ሊመረምር የሚገባው ሹም አሁን ከቦምቤ ሩቅ አይደለም።