ለቤት ጥንቸል የሚስማማና የማይስማማ አትክልት

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ጋር ስለ ቈጠራት፥ በይፋግ ጥንቸል በአንድ ቤት ብትገኝ ብዙውን ጊዜ የልጆች ወዳጅ ሆና ነው እንጂ ለወጥ ታስባ አይደለም። ልጆችም ፍቅራቸውን የሚገልጹላት ከማጀት የተረፈውን ልጣጭና ቅጠል በማቅረብ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ጥንቸል የበላችውን ለማስመለስ ከቶ አትችልምና።

እኛ በመዝገብ ቤት እንደ ለመድነው ተከሳሾቹን አስቀድመን እንጥራ። በአጠገባችን ያለው የፎገራ ሜዳ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፤ ከጉና ደጋ ደግሞ ድንች ይወርድልናል። ስለዚህ በየማጀቱ የሚበዛው የእነዚህ ልጣጭና ቅጠል ሲሆን፥ ጥንቸልን አጥብቀው የሚጐዱትም እነዚሁ ናቸው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፥ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፥ የደሟን ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳል። በድንች ቅጠል፥ በቡቃያውና አረንጓዴ በሆነው ልጣጩ ሶላኒን የሚባል መርዝ አለ፤ የቲማቲም ቅጠልና ግንድም እንዲሁ ይጐዳል። የቀላ የቲማቲም ፍሬ ግን ጥቂት ብትቀምስ አይከፋም። አቮካዶ፥ ጥሬ ባቄላና ጓያ ፈጽሞ አይሰጧት። እንጀራና ዳቦም ሆዷን ያውካሉ።

ዋናው መብሏ ለከብት የሚከመረው የደረቀ ሣር ነው፤ ከምትበላው ከ10 እጅ 8ቱ እርሱ ይሁን። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ፥ ሣር በማኘክ ካልተሞረደ አፏን ያቈስላታል፤ አንጀቷም ያለ ሣር ሥራውን ያቆማል። የሻገተውን ግን ከክምሩ ለይቶ መጣል ያስፈልጋል።

ኦሪት ጥንቸል ታመሰኳለች ማለቱን ያነበበ ሰው ይህን ቢያይ ይደነቃል፦ ጥንቸል ከበጠጧ ለስላሳ የሆነውን መልሳ ትበላለች፤ በዚህም ሣሩ ሁለት ጊዜ በሆዷ ያልፋል። ልጆች ይህን አይተው ታመመች ብለው አይደንግጡ፥ አይከልክሏትም።

ከሣሩ ጋር በየቀኑ አንድ እፍኝ ለምለም ቅጠል ይጨመርላት። ሰላጣ (ነጣ ካለው ይልቅ የጠቈረው ይሻላል)፥ የካሮት ቅጠል፥ የድንብላል ቅጠል፥ በሶብላና ናና ይስማሟታል። ጎመን በጥቂቱ ይሁን፤ ጥቅል ጎመን ሲበዛ ሆድ ይነፋል። ቆስጣና የቀይ ሥር ቅጠልም አልፎ አልፎ እንጂ ዕለት ዕለት አይሰጥም። ካሮትን በሚመለከት ጥፋቱ የሠዓሊዎች ይመስለናል፤ በልጆች መጽሐፍ ጥንቸልን ያለ ካሮት የሚሥል አልተገኘም። ካሮት ስኳር ስለሚበዛበት የአውራ ጣት ጫፍ ያህል፥ ያውም በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፥ ይበቃታል።

አዲስ ቅጠል ሲጀመር በጥቂቱ፥ አንዱ ዓይነት ከተለመደ በኋላ ሌላው ይከተል። 3 ወር ላልሞላት ግልገል ቅጠሉ ይቆይላት። ንጹሕ ውሃ ለትልቋም ለትንሿም ከፊት አይታጣ።

ጥንቸሊቱ መብል እንቢ ብላ፥ በጠጥም ሳትጥል ግማሽ ቀን ከዋለች፥ ነገ ይሻላታል ብሎ ማሳደር አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ። የበላችው ቅጠል ተርፎ እንደ ሆነም አብሮ ይወሰድ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነው።