አሮጌ ሸቭሮሌ ላይ 700አር4 ካምቢዮ ለምትሰቅሉ
ባለ ሦስት ማርሹን አውቶማቲክ ካምቢዮ አውርዳችሁ 700አር4 ሰቀላችሁ እንበል። አራተኛ ማርሹ 0.70 ስለሆነ፣ በረጅም መንገድ የሞተሩ ዙር ከሦስተኛው በ30 በመቶ ይወርዳል። የካምቢዮውን መደገፊያና የኋላውን ዘንግ ማስተካከል የልኬትና የብየዳ ሥራ ነው፤ አያስጨንቅም። ጣጣው ያለው ካርቡራተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ቲቪ ኬብል የሚባለው ሽቦ ላይ ነው። ብዙዎች ማርሽ መቀየሪያ ብቻ ይመስላቸዋል። የለም! የካምቢዮውን የዘይት ግፊትም የሚወስነው እሱ ነው። ከላላ ግፊቱ አንሶ ፍሪሲዮኖቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ፤ ለዚህ አንድ የሙከራ ጉዞ ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጥ፤ ካርቡራተሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ኬብሉም እኩል መጨረሻው ላይ መድረስ አለበት። የካርቡራተሩ ክንድ ለዚህ ካምቢዮ የተሠራ ካልሆነ ግን፣ ጫፉ ላይ ልክ የመጣው መሃል ላይ ይሳሳታል። እንዲህ ከሆነ ለዚህ ካምቢዮ የተሠራ ማስተካከያ ክንድ ግዙ፤ ከአዲስ ፍሪሲዮን ይረክሳል።