በዋልካ አፈር ላይ ሣር ስለ ማልማት

ከአዲስ አበባ ከቦሌ ጀምሮ ወደ አቃቂ በሚዘልቀው ሜዳ ላይ ቤት ሠርቶ በደጁ ሣር ለማልማት የሞከረ ሰው የዋልካን ጠባይ ሳያውቅ አይቀርም። በክረምት እግር ይዞ አልለቅ የሚለው ጥቁር ጭቃ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅም ያወጣል። ሣሩ በሐምሌ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው አፈሩ ደካማ ነው ብሎ ማዳበሪያ ይጨምርበታል። በእኛ አስተያየት ግን ጕድለቱ በመጀመሪያ ያለው ከምግቡ ሳይሆን ከውሃውና ከአየሩ ነው።

ይህም እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት የአፈሩን ቅንጣት መመልከት ያስፈልጋል። የሸክላ ቅንጣት ስፋቱ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በዋልካ ውስጥ የሚበዛው ስሜክታይት የሚባለው ማዕድን ደግሞ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ስለ ሆነ፣ ውሃ በመካከሉ ሲገባ ያብጣል፤ ሲወጣ ይኰማተራል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል፤ አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃው ማለፊያ አጥቶ ከላይ ይተኛል። በዚህ ጊዜ ሥሩ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ በአፈሩ ውስጥ ካለው ናይትሮጅንም ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። እንግዲህ የተጨመረው ማዳበሪያ በከንቱ ባከነ ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ ማበጀት ይገባል። መሬቱ ከቤቱ እየራቀ በየ10 ሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል፣ በዳሩም ፈሰስ ቢወጣለት ይበቃል። ይህ ዕውቀት ከውጭ አገር መጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የኢንዋሪ ገበሬዎች በዋልካ ላይ ሲዘሩ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብ ያወጣሉ።

አሸዋ ጨምሩ የሚለው ምክር በጣም የተለመደ ነው። ነገር ግን ጥቂት አሸዋ በሸክላው ተውጦ ይቀራል፤ አፈሩን ለመለወጥ ከሸክላው እጅግ የበለጠ አሸዋ ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል አሸዋ የሚገዛ ማን ነው? በመኪና የመጣ ቀይ አፈር በላዩ መደልደልም እንዲሁ ያታልላል፤ ውሃው ቀዩን አልፎ ከዋልካው ሲደርስ እንደ ገንዳ ይጠራቀማል። የሚሻለው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ አልብሶ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ማደባለቅ ነው።

የመቈፈሪያው ጊዜ ግን አጭር ነው። አንድ እፍኝ አፈር በእጅ ሲታሽ እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ገና ርጥብ ነው፤ ሲፈረፈር ተስማምቷል፤ በእጅ የማይሰበር ከሆነ ቀኑ አልፏል።

ከሣሮች ሰርዶን እንመርጣለን። ገበሬ ከማሳው ሊያጠፋው የሚታገለው ይኸው ሣር ለዋልካ ጽኑ ነው። ሁለት ሦስት አንጓ ያለውን ሐረጉን ቈርጦ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ መትከል፣ ጊዜውም ከከባዱ ዝናብ በፊት ሥር እንዲይዝ በሰኔ መጀመሪያ ቢሆን መልካም ነው። በበጋ ስንጥቁ አፉን ሳይከፍት በዝግታ ይጠጣ፤ ከተከፈተ በኋላ የሚፈስበት ውሃ ከሥሩ በታች ያልፋል። በክረምት ደግሞ በርጥቡ ሣር ላይ መመላለስ አይገባም፤ መሻገር ግድ ከሆነ ጣውላ ይነጠፍ።