ታብሌት ሲመረጥ፡ መልኩ ወይስ ምቾቱ?

“የትኛውን ታብሌት ልግዛ?” የሚለውን ጥያቄ ጠበቆች፣ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደጋግመው ያነሱልኛል። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ነገር ግን ውሎዬ ከሰነድ ጋር፣ ኑሮዬም ባሕር ዳር በመሆኑ የምለው አላጣም። አብዛኛው ገዢ የሚጠይቀው ስለ ስሙና ስለ መልኩ ነው። መልክ ግን ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት የተካሰሱበት ጉዳይ እንጂ የእጃችንና የዓይናችን ችግር አይደለም።

እስቲ ከክርክሩ እንጀምር። አፕል አይፓድን እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ ላይ ሲያውል ስክሪኑ 9.7 ኢንች፣ ክብደቱ 680 ግራም ነበር። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ ባለ 7 ኢንቹን ጋላክሲ ታብ በ380 ግራም አመጣ። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ በትንሹ ስክሪን ተሳለቀ፤ ለመጠቀም ጣትን በብርጭቆ ወረቀት ማሾል ያስፈልጋል አለ። ሆኖም እሱ ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኩባንያው ራሱ 7.9 ኢንች ስክሪን ያለውን፣ 308 ግራም የሚመዝነውን አይፓድ ሚኒ አወጣ። ቀላል ነገር የሚፈልግ እጅ መኖሩን ገበያው አስተማረው ማለት ነው።

ሳምሰንግ ባለ 10.1 ኢንቹን ሲያወጣ ደግሞ አፕል “ንድፌን ቀዳህ” ብሎ በየአገሩ ከሰሰው። የጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሽያጩን በማገዱ ሳምሰንግ ቅርጹን ለውጦ መሸጥ ግድ ሆነበት። በእንግሊዝ ግን ዳኛ ኮሊን በርስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2012 ተቃራኒውን ወሰኑ። የሳምሰንግ ዕቃ የአፕልን ያህል የሚማርክ ስላልሆነ ሰው አያምታታም አሉ። ሳምሰንግ ረታ፤ የረታው ግን “አታምርም” ተብሎ ነው! የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ውሳኔውን አጸና።

የሕጉ ነገር እንዲህ ነው። የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ የሚሰጠው ለዕቃው ገጽታ ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 123/1987 ንድፉ አዲስና በተግባር ሊሠራበት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ በአምስት በአምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። “ይህን ዕቃ አንድ ሰዓት የያዘ እጅ ይዝላል ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ ግን የለም። ያን መጠየቅ የገዢው ፈንታ ነው።

የጣና ገዳማት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ አስቀድመው መልሰውታል። ትልቁ መጽሐፍ አትሮኖስ ላይ ተዘርግቶ ይነበባል፤ ትንሹ ዳዊት ደግሞ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ ለመቀመጫ፣ ሌላው ለመንገድ ነው። የብራናው ገጽም ፀሐይ ላይ እንደ መስታወት አያብለጨልጭም።

የእኛ የመጀመሪያው ፈተናም ፀሐይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ብርሃኗ የበዛ ከተማ ናት። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ በታብሌት የሚያነብ ሰው ከጽሑፉ ይልቅ የራሱን ፊት ያያል። ምክንያቱም የተለመደው ስክሪን ከጀርባው በሚወጣ ብርሃን የሚሠራ፣ ላዩም መስታወት የሆነ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ከዚያ ብርሃን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንደ ኪንድል ያሉት የኤሌክትሮኒክ ቀለም ስክሪኖች ግን እንደ ወረቀት የውጭውን ብርሃን መልሰው የሚያንጸባርቁ ስለሆኑ ፀሐይ ሲበረታ ይበልጥ ይነበባሉ። ጉድለታቸው ገጽ ሲገለበጥ መዘግየታቸውና አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ መሆናቸው ነው። ሙቀትም አለ። አፕል አይፓድ በ0 እና በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል እንዲሠራበት ይመክራል፤ በመጋቢት ፀሐይ መኪና ውስጥ የተረሳ ታብሌት ከዚህ በቀላሉ ያልፋል።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ዛሬ የሚሸጡት ባለ 11 ኢንች ገደማ ታብሌቶች ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ግማሽ ኪሎ ጠረጴዛ ላይ ምንም አይደለም፤ በአንድ እጅ ጠርዙን ይዘው ሲያነቡ ግን ሸክሙ በሙሉ አንጓ ላይ ያርፋል። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ክብደቱ ከእጅ ስለሚርቅ ድካሙ ይብሳል። ዙሪያውን ያለው ጥቁር ጠርዝ የቀጠነበት ታብሌት ለዓይን ቢያምርም አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ያሳጣል፤ ሳይፈልጉ ገጽ ይገለበጣል።

ሦስተኛው፣ ለሕግ ሰው ዋናው፣ የስክሪኑ ቅርጽ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ የሚታተም ነው፤ የክልላችን ዝክረ ሕግም እንዲሁ። እነዚህ ሰነዶች በፒዲኤፍ ሲመጡ መስመሮቻቸው ከስክሪኑ ጋር አይታጠፉም። የአይፓድ ስክሪን ከ4 ለ3 ብዙ ስለማይርቅ የወረቀት ገጽ ይቀበላል። አብዛኞቹ የሳምሰንግ ታብሌቶች 16 ለ10 ስለሆኑ ለፊልም ይመቻሉ፤ ቁመው ሲያዙ ግን ገጹ ይጠብባል። በ8 ኢንች ላይ አዋጅ የሚያነብ ሰው ደግሞ ገጹን እያሳደገ፣ ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ይውላል።

ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። “ሉ” እና “ሊ”ን የምትለየው ትንሽ ጭረት ናት። በጥቃቅን ነጥቦች ያልጠገበ ርካሽ ስክሪን ላይ ጭረቷ ትደበዝዛለች፤ ከላቲን አንባቢ ይልቅ የእኛ ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ፎቶግራፍ ሳይሆን አማርኛ ጽሑፍ አስከፍታችሁ እዩ፤ በአማርኛ ኪቦርዱም አንድ አንቀጽ ጻፉበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ኔትወርክ አለ። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሰነዱን በሙሉ ሩቅ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ባለሙያ የያዘው ባዶ ሰሌዳ ነበር። ተጨማሪ ሚሞሪ ካርድ የሚቀበሉ የአንድሮይድ ታብሌቶች እዚህ ላይ ይበልጣሉ፤ አይፓድ ካርድ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ሲገዛ ሰፋ ያለ ማከማቻ ያለውን መምረጥ ይገባል።

ይህ የግለሰብ ገዢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተደጋግሞ ለተራዘመው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌቶች መገዛታቸው ይታወሳል፤ አብረዋቸው ፓወር ባንክ መገዛቱ ሜዳ ላይ መብራት እንደሌለ የታሰበበት መሆኑን ያሳያል። የመሥሪያ ቤት ጨረታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው ሚሞሪና ዋጋ ነው። እኔ በበኩሌ በጨረታው ሰነድ ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር እመርጣለሁ፤ ፀሐይ ላይ ይነበብ፣ በአንድ እጅ ለግማሽ ሰዓት ይያዝ፣ የአማርኛ ሰነድ ያለ ማሳደግ ይታይበት። ፈታኙም የግዥ ኮሚቴው ሳይሆን ዕቃውን ይዞ የሚውለው ሠራተኛ ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣ “የትኛው ይሻላል?” ለሚለው መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ሥራችሁ አዋጅና መዝገብ ማገላበጥ ከሆነ ወደ 4 ለ3 የሚጠጋውን ትልቁን ግዙና ማቆሚያ አዘጋጁለት። በመንገድ የምታነቡ ከሆነ ባለ 8 ኢንቹ ይበቃል። ለረጅም ንባብ፣ በተለይም ደጅ፣ ባለ ኤሌክትሮኒክ ቀለሙን የሚወዳደር የለም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሻጩን አስፈቅዳችሁ ዕቃውን ከሱቁ ደጃፍ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አንብቡት። ቸር እንሰንብት።