ከኮሎኔል መንግሥቱ የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

የደርግ ዘመን በተነሳ ቁጥር፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ሻይ ቤት፣ ጨዋታው ሳይቆይ ወደ ክርክር ይለወጣል። አንዱ «አገሪቱን ያስራባትም ልጆቿን ያስጨረሰባትም መንግሥቱ ነው» ይላል። ሌላው «ጦርነቱን የጀመረው እሱ ነው እንዴ? ዝናቡንስ የከለከለው እሱ ነው?» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ነገር ግን አሥራ ሰባት ዓመትን ጠቅልሎ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጫን፣ ወይም ጠቅልሎ ከጫንቃው ማውረድ ፍርድ አይሆንም። እኔ የምይዘው መለኪያ ቀላል ነው፤ ሌላ መንገድ በነበረበት ቀን መሪው የትኛውን ያዘ? መንገድ ጠፍቶ የደረሰውን ለሱ አልቆጥርበትም። መንገዱ እያለ፣ እየተነገረውም እምቢ ካለ ግን ዕዳው የራሱ ነው።

ከኤርትራ እንጀምር። የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰው ነሐሴ 1953 ነው። ፌዴሬሽኑን ኅዳር 1955 ያፈረሰው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። ያኔ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር የማያውቃቸው ወጣት መኮንን ነበሩ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ሲያወርድ ጦርነቱ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። ይህ ከሳቸው አይቆጠርም።

መቆጠር የሚጀምረው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የደርጉ ሊቀ መንበር ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ከኤርትራ የሚወለዱ፣ ሠራዊቱም የሚወዳቸው ሰው ነበሩ። ወደዚያው ተጉዘው ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ነገሩ በሰላም ይለቅ አሉ፤ ተጨማሪ ጦር ይዝመት የሚለውን ተቃወሙ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ። በዚያችው ሌሊት ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ውሳኔው የደርጉ ነበር፤ መንግሥቱም ገና ምክትል ነበሩ። ሆኖም በዚያ ውሳኔ ከፊት ከቆሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። የሰላሙን መንገድ የሚያውቀው ሰው ከነመንገዱ ተቀበረ።

የሶማሊያው ጦርነት ሌላ ነው። ሐምሌ 1969 ድንበር ጥሶ የገባው የዚያድ ባሬ መደበኛ ጦር ነው። ጅጅጋ ተያዘች፤ ገበሬው የእናት አገር ጥሪን ሰምቶ ሞፈሩን ሰቅሎ ሚሊሻ ሆነ። በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደሮች ጭምር የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። ይህንን ጦርነት በመንግሥቱ ላይ የሚያሳብብ ሰው፣ ሌላ ምን ያድርጉ ኖሯል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ መምጣት አለበት። እኔ የለኝም።

ወደ ሰሜኑ ስንመለስ ግን ነገሩ ይከፋል። በ1974 በታላቅ ዝግጅት የተከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የአማፂያኑን ምሽግ ናቅፋን መያዝ ሳይችል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በጦር ብቻ እንደማይፈታ ከመኮንኖቹ ብዙዎቹ ተረድተውታል። የካቲት 1980 በኤርትራ ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሸኑ። ከወር በኋላ የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ወደቀ፤ ናደውም ተበተነ። አዛዡ በገዛ መንግሥቱ ሲረሸን ያየ ወታደር በምን ልቡ ይዋጋል? ግንቦት 8 ቀን 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከዓላማቸው አንዱ ጦርነቱን በድርድር ማቆም ነበር። አልተሳካም። በዓመቱ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተገደሉ። በ1981 መጨረሻ በጂሚ ካርተር ሸምጋይነት አትላንታ ላይ ድርድር መጀመሩ እውነት ነው፤ ግን ረፍዶ ነበር። አገሪቱ ለዓመታት ያሠለጠነቻቸው የጦር መሪዎች አንድም ከመሬት በታች፣ አንድም ከብረት በስተኋላ ነበሩ።

የኢኮኖሚውን ነገር በአንድ ኩንታል እህል መናገር ይቀላል። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ባለመሬት አድርጎታል። ይህንን ከደርግ መንጠቅ አይገባም። በዚያው ገበሬ ላይ ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣበት። ድርጅቱ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ኮታ ይጥላል፤ ዋጋውንም ከገበያው በእጅጉ ዝቅ አድርጎ ራሱ ይቆርጣል። አዝመራው ቢበላሽም ኮታው አይቀርም። እንግዲህ ሰብሉ የከዳውን አንድ ገበሬ አስቡት። ፍየሉን፣ ባስ ሲልም በሬውን ነድቶ ገበያ ይወርዳል። ሸጦ በገበያው ዋጋ ጤፍ ይሸምታል። ያንኑ ጤፍ በአህያው ጭኖ ይሄድና ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። ባዶ ስልቻውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በሬ ወደሌለበት በረት ይመለሳል። ይህ የአንድ መንደር ተረት አይደለም፤ በየአውራጃው የሆነ ነው። እንዲህ የተደረገ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ከሚበላው አትርፎ የሚያርሰው ለማን ብሎ ነው?

በሌላው ጫፍ ደግሞ የከተማው ሰው አለ። ከክፍለ ሀገር ለዘመዱ ጥቂት ኪሎ ጤፍ የያዘ ተሳፋሪ ኬላ ላይ ወርዶ ይበረበራል። አዲስ አበባ ውስጥ እናቶች ገና ሳይነጋ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ በር ላይ ዘንቢላቸውን በሰልፍ ያስቀምጡ ነበር። ዘንቢሉ ወረፋ ሲይዝ እነሱ ቤት ተመልሰው እሳት ያነዱ ነበር።

ሁሉም ችግር ግን ከኮታ የመጣ አይደለም። በ1981 የዓለም የቡና ስምምነት ሲፈርስ የቡና ዋጋ ወርዶ አገሪቱ ምንዛሪ አጣች። በዚያው ሰሞን የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ እጃቸውን መሰብሰብ ያዙ። እነዚህን ሁለቱን በመንግሥቱ ላይ አልጭንም። የፖሊሲውን ድርሻ ከሌላው የምንለይበት አንድ ማስረጃ ግን እሳቸው ራሳቸው ትተውልናል። የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ኮታው ተነሳ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አባል የመሆን አለመሆኑ ምርጫ ለገበሬው ተተወ። ገበሬው ምን አደረገ? በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹን ማኅበራት አፈረሳቸው፤ በሬውንና መሬቱን ተከፋፍሎ ወደየማሳው ሄደ። ገበሬው ያን ሁሉ ዓመት ሲለው የኖረው ይህንኑ ነበር፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

የ1977ቱ ረሀብ እዚህ ላይ ይገባል። ዝናብ ያጠፋ መሪ የለም። ነገር ግን ወደኋላ ሄደን አንድ ምሽት እናስታውስ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሡ በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ደርግ የወሎን ረሀብ የሚያሳየውን የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን አሳየ። ክሱ ግልጽ ነበር፤ ድርቁ የእግዜር ነው፣ መደበቁ ግን የንጉሡ ነው። ትክክለኛ ክስ ነበር። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ መስከረም 1977፣ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከወራት በፊት እርዳታ ጠይቆ እያለ፣ ወሎና ትግራይ እየረገፉ፣ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓ) ምሥረታ ለማክበር በመብራትና በቅስት አጌጠች። ጥቅምት ላይ የኮረም ምስል በቢቢሲ ወጥቶ ዓለም ደነገጠ። በሰሜን ግን ዘመቻው አልቆመም። የሞተው ሕዝብ ከአራት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ደርግ ንጉሡን በከሰሰበት ሚዛን ከተመዘነ፣ ያ ዕዳ ከመንግሥቱ ራስ አይወርድም።

ይህን ሁሉ ብቻቸውን አላደረጉትም። ኮታውን ያስገፈፈ ካድሬ፣ ወጣቱን ከመንገድ ላይ ያፈሰ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ፣ በስብሰባ ያጨበጨበ ሁሉ የየድርሻውን ይይዛል። የሰሜኑ አማፂ ግንባሮችም የራሳቸው ውሳኔ ነበራቸው። ነገር ግን «አይሆንም» የሚለውን ሁሉ ያስወገደ መሪ፣ በኋላ «ማንም አልነገረኝም» ብሎ ማምለጥ አይችልም።

ፍርድ ቤቱ እሳቸውን በሌሉበት ዘር በማጥፋት ወንጀል ታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ አላቸው፤ መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ ግንቦት 2000 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደባቸው። ያ ፍርድ የተረሸኑትንና የታነቁትን ይመለከታል። ኮታ ያስቆረጠው እጅ፣ ድርድርን እምቢ ያለው አፍ በወንጀል ሕግ አንቀጽ የላቸውም፤ ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ የሉም።

ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱን የያዘው አውሮፕላን ወደ ዚምባብዌ ሲበር፣ የሰሜኑ ሠራዊት ገና ግንባር ላይ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ያ ሠራዊት በረሃ አቋርጦ፣ ገሚሱ በሱዳን በኩል ዞሮ፣ በእግሩ ወደየቤቱ ተመለሰ። አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳደደ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ በክራንች ተደግፎ፣ «ስለ ማርያም» እያለ እጁን የሚዘረጋ ወታደር ያላየ ሰው አልነበረም። ስለ አፍአበት እሱን ቃሉን የተቀበለው ዳኛ የለም።