ግሪን ካርድ ሲጠፋ የማይጠፋው

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ቤት ገብታችሁ ሰነድ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። የልደት ወረቀቱ፣ የጋብቻ ማስረጃው፣ የክትባት ካርዱና የድሮው ፓስፖርት በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ፤ ግሪን ካርዱም እዚያው መሀል አለ። ዲቪ ሞልቶ ዕጣ የወጣለት፣ ጥገኝነት ጠይቆ ዓመታት የጠበቀ፣ በባሏ ወይም በልጇ በኩል የመጣች፣ ሁሉም ለዚህ ካርድ ብዙ ደክመዋል። ከተቀበሉት በኋላ ግን ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ ሕጉን የሚያውቁማ ከእነሱም ያንሳሉ።

ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም፦ ባለቤቱ በአሜሪካ በቋሚነት እንዲኖርና እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆኑን ይመሰክራል። የመዝገብ ስሙ አይ-551 ነው።

የመጣበት መንገድ ግን መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1940 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ሕግ ዕድሜው 14 የሞላ የውጭ ዜጋ ሁሉ ፖስታ ቤት ሄዶ እንዲመዘገብና አሻራ እንዲሰጥ አዘዘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለቋሚ ነዋሪዎች የሚሰጥ አረንጓዴ ካርድ መጣ፤ ቁጥሩም አይ-151 ነበር። በ1964 ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ተቀየረ፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ሌላ ቀለም ያዘ፤ ሰዉ ግን ግሪን ካርድ ማለቱን አልተወም። ካርዱ ወደ አረንጓዴነቱ የተመለሰው በ2010 ነው። አይ-551 የሚባለው የአሁኑ ዓይነት የተጀመረው በ1977 ሲሆን፣ ከ1979 እስከ 1989 ከተሰጡት ብዙዎቹ ላይ የማብቂያ ቀን የሚባል ነገር አልተጻፈም።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳን መጠለያዎች ወደ አሜሪካ ገብተዋል። በዚያ ዘመን ካርድ ካወጡ አንድ አባት ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ሰርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጫወት ካርዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ፎቶው ላይ አፍሮ ያጎፈረ ወጣት አለ። ልጆቻቸው «አባዬ፣ ይሄ እኮ ቀን እንኳ የለውም፣ አይሠራም» እያሉ ያስጨንቋቸዋል። ሕጉ ግን ከእሳቸው ጋር ነው፤ ቀን ያልተጻፈበት አይ-551 ዛሬም ይሠራል። ፎቶው ሰውየውን ስለማይመስል በየፍተሻው ማከራከሩ አይቀርምና በአዲስ ቢቀይሩት እንደሚሻል ነገርኳቸው። ነዋሪነታቸው ግን አንድም ቀን አልተቋረጠም።

ስለዚህ ካርድ በማኅበረሰባችን ውስጥ ከሚወራው ስሕተት ሁሉ ትልቁም ከዚሁ ይነሣል። «ግሪን ካርዴ ኤክስፓየር አድርጓል፤ አሁን ወረቀት የሌለኝ ሰው ሆንኩ» የሚል ሰው ያላጋጠመው የለም። እንዲህ አይደለም። በየ10 ዓመቱ የሚያበቃው ካርዱ ብቻ ነው። የሰው ፊት ይለወጣል፤ አስመስለው የሚያትሙ ሰዎችን ለመከላከልም ካርዱ በየጊዜው ይሻሻላል፤ ስለዚህ ቀን ይጻፍበታል። የጋብቻ ወረቀት ቤት ውስጥ ቢቃጠል ባልና ሚስት ተፋቱ አይባልም። ቋሚ ነዋሪነት የሚያከትመው ሰውየው ዜግነት ሲወስድ፣ ከአገር እንዲወጣ የመጨረሻ ውሳኔ ሲተላለፍበት፣ ወይም ራሱ ኑሮውን ወደ ሌላ አገር አዙሮ ሲተወው ነው።

ይህን ባለማወቅ የሚከፈለው ዋጋ ያሳዝነኛል። የእናቷን መርዶ ሰምታ፣ ካርዷ ቀኑ ስላለፈ «ከሄድኩ አያስገቡኝም» ብላ ለቅሶ ሳትደርስ የቀረች እህት አውቃለሁ። የ10 ዓመት ካርድ ነበራት። የአሜሪካ መንግሥት ለአየር መንገዶች በሚሰጠው መመሪያ መሠረት፣ ለ10 ዓመት የተሰጠ ግሪን ካርድ ቀኑ ቢያልፍም ባለቤቱን ማሳፈር ይቻላል። የአየር መንገዱ ሠራተኛ መመሪያውን ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ ከመጓዝ በፊት የእድሳት ማመልከቻ አስገብቶ ደረሰኙን መያዝ ይሻላል። ከመስከረም 2024 ወዲህ ይህ ደረሰኝ ያለፈበትን ካርድ ለ36 ወር ያራዝመዋል። የሚሠራው ግን ከአሮጌው ካርድ ጋር አንድ ላይ ሲታይ ነው። «አዲሱ ሊመጣ ነው» ብላችሁ አሮጌውን አትጣሉ፣ አትቅደዱ።

ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። አዲስ ሠራተኛ የሚሞላው አይ-9 ፎርም ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደሚያቀርብ ለሠራተኛው ይተውለታል፤ ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድና መንጃ ፈቃድ ይበቁታል። አሠሪው «ግሪን ካርድህን ካላየሁ» ማለት አይፈቀድለትም። ግሪን ካርዱን አሳይቶ የተቀጠረ ሰውም ካርዱ ስላበቃ ብቻ እንደገና ሰነድ አምጣ አይባልም። ይህን ሳያውቁ በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ ያቆሙ ሰዎች አሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው በጋብቻ ለመጡ አዲስ ተጋቢዎች የሚሰጠው የ2 ዓመት ካርድ ነው። እዚያ ላይ ቀኑ የምር ነው። ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የሚባለው ፎርም መግባት አለበት፤ ካልገባ ነዋሪነቱ ራሱ ይፈርሳል። የማደሻ ፎርም ነው ብለው አይ-90 የሚሞሉ ባልና ሚስት ገንዘባቸውንም ጊዜያቸውንም ያጣሉ።

ካርድና ነዋሪነት የተለያዩ መሆናቸው በሌላም በኩል ይሠራል። «ካርዴ ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው የተማመነው በፕላስቲኩ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ለቆየ ሰው ያ ካርድ ለመመለሻነት አያገለግልም፤ ቀኑ ያላለፈ መሆኑ አይረዳውም። ረጅም ጊዜ ለመቆየት ያሰበ ሰው እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው። በየ11 ወሩ ለአንድ ሳምንት ብቅ ብሎ መመለስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መግቢያው ላይ ያለው የኢሚግሬሽን መኮንን የሚጠይቀው ኑሮው የት እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ፌስታሉ ልመለስ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዕድሜው 18 የሞላ ቋሚ ነዋሪ ሁሉ የምዝገባ ማስረጃውን ሁልጊዜ ከራሱ ጋር መያዝ አለበት። ሳይይዝ መገኘት ቀላል ወንጀል ነው፤ ድንጋጌው ላይ የተጻፈው ቅጣት እስከ 100 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 30 ቀን እስራት፣ ወይም ሁለቱም ነው። «እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» የሚለው መልስ ይገባኛል፤ አንድ ወረቀት ለማስወጣት ስንት ቢሮ እንደሚያመላልስ ከሚያውቅ አገር ነው የመጣነው። ነገር ግን ሕጉ ኮፒም የስልክ ፎቶም አላለም፤ ካርዱን ነው ያለው። ዋናው ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ኮፒው ቤት ይቀመጥ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

አያያዙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2010 ወዲህ ያሉት ካርዶች በሬድዮ ሞገድ የሚነበብ ቺፕ አላቸው፤ ካርዱ ሲመጣ አብሮ የሚላከው ማቀፊያም ለእሱ መከላከያ ነውና አትጣሉት። ካርዱ ደረሰኝ ብሎ ደስታውን ለመካፈል ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ ወጣት ስሙን፣ የልደት ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው ሁሉ መስጠቱን ልብ ይበል።

ሲጠፋ፣ ሲሰረቅ፣ ሲበላሽ ወይም ማብቂያው 6 ወር ሲቀረው የሚሞላው አይ-90 ነው። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በኢንተርኔት ለሚያመለክት 415 ዶላር፣ በወረቀት ለሚያመለክት 465 ዶላር ነው፤ ክፍያው በየጊዜው ስለሚቀየር ከመላካችሁ በፊት የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትን (የዩኤስሲአይኤስን) ገጽ እዩ። ፎርሙ አስቸጋሪ አይደለም፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ የ10ኛ ክፍል ልጅ ይሞላዋል። ለዚህ ብዙ መቶ ዶላር ለደላላ መክፈል አያስፈልግም። የወንጀል ክስ ያለበት ወይም ብዙ ጊዜ ውጭ የቆየ ሰው ግን ፎርሙን ከመንካቱ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ካርዱ የጠፋበት ሰው ደረሰኙ ብቻውን አይበቃውም፤ አብሮ የሚያሳየው አሮጌ ካርድ የለውምና። እሱ መጠየቅ ያለበት ጊዜያዊ የአይ-551 ማህተም ነው። ማህተሙ በቀጠሮ ፓስፖርት ላይ ይመታል፤ ከ2023 ወዲህ በፖስታ የሚላክበትም አሠራር አለ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ቪዛ አዲስ የገባ ሰውም ካርዱ ዘገየብኝ ብሎ አይደንግጥ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ የመግቢያ ማህተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት የነዋሪነት ማስረጃ እንደሚሆን እዚያው ላይ ታትሟል።

ከእኛ ሰው ካርዶች አንዳንዶቹ የሚጠፉት ገና በመንገድ ላይ ነው። አዲስ መጪ ዘመድ ቤት ያርፋል፣ ካርዱ ሳይደርስ ሥራ ወዳገኘበት ከተማ ይሄዳል። የፖስታ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የዘመዱ ስም ብቻ ስለሆነ ፖስተኛው ፖስታውን ይመልሰዋል። ስማችሁን ልክ ካርዱ ላይ እንደሚጻፈው አድርጋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለፖስታ ቤት መንገር ብቻውን አይበቃም። ሌላው የኛ ጣጣ የልደት ቀን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን ቀን ሳይቀይር ፎርም ላይ የጻፈ ሰው ካርዱን ሲቀበል ሰባትና ስምንት ዓመት አርጅቶ ያገኘዋል። ስሕተቱ የአመልካቹ ከሆነ ማረሚያው ይከፈልበታል፤ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ በነፃ ነው። ወላጆች ደግሞ ይህን ያዙ፦ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው በ30 ቀን ውስጥ ካርዱ ይቀየራል፣ አሻራም ይሰጣል።

ኢትዮጵያ ሄዶ ካርዱ የተሰረቀበት ሰው አይ-90 አያድነውም። አይ-131ኤ የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ክፍያውን በኢንተርኔት ይፈጽምና አዲስ አበባ እንጦጦ መንገድ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ በአካል ይቀርባል፤ ከአሜሪካ ከወጣ አንድ ዓመት ያልሞላው ከሆነ አውሮፕላን የሚያሳፍር ወረቀት ይሰጠዋል። ክፍያው ከ500 ዶላር በላይ ስለሆነ መርካቶ ስትገቡ ካርዱን በውስጥ ኪስ ያዙ፤ ከተሰረቀም የፖሊስ ማስረጃ አውጡ።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት በኤ ፊደል የሚጀምረውን የመዝገብ ቁጥራችሁን ነው። ካርዱን አሁኑኑ አውጡና ፊትና ጀርባውን ኮፒ አድርጉ፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለምታምኑት አንድ የቤተሰብ ሰው ስጡ፤ ካርዱን ግን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱት።